የሲ.ኤን.ኤን. ዘጋቢውና ዝም ያላለችው ሚስቱ

ማታ ዜና ስትከታተሉ ከጀርባው ከተማ እየጨሰ፣ ማይክሮፎን ይዞ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ አይታችኋል። ሁለት ደቂቃ ያህል ይናገርና ስሙንና ያለበትን ከተማ ጠርቶ ይሰናበታል። እኛም ወደ እራታችን እንመለሳለን። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ፣ በር የሚከፍትለት ማን እንደሆነ፣ የሚጸልይለት ሰው ይኑረው አይኑረው አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የወደድኩት ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ነው። ጄሪ ሌቪን ይባላል። ለብቻው ግን ላስተዋውቃችሁ አልችልም፤ ታሪኩ የሁለት ሰው፣ የእሱና የሚስቱ የሲስ ታሪክ ነውና። በተለይ ጌታን ካላወቀ ባል ጋር የምትኖሩ እህቶች፣ እንዲሁም የትዳር ጓደኛችሁ በሩቅ አገር ያለባችሁ ወገኖች፣ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ።

ወደ ቤይሩት

ዛሬ ሲ.ኤን.ኤን.ን የማያውቅ የለም። ያን ጊዜ ግን ገና ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1980 በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ ሲከፈት፣ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ዜና ብቻ የሚያቀርብ ቴሌቪዥን ይኖራል ብሎ ያመነ ጥቂት ሰው ነበር። ጄሪ ሌቪን ወደ ቤይሩት የተላከው የዚህ የገና ጀማሪ ጣቢያ የቢሮ ኃላፊ ሆኖ ነው። ጊዜው የ1983 ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል።

ለመሆኑ የቢሮ ኃላፊ ምን ይሠራል? ከካሜራ ፊት ቆሞ መናገር የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ጠዋት የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ሰፈር በየትኛው ታጣቂ ቡድን እጅ እንዳደረ ማጣራት አለ። ካሜራ ባለሙያውንና ሹፌሩን ወዴት እንደሚልክ መወሰን አለ፤ ቢሞቱ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። የይለፍ ወረቀት መለመን አለ። ከዚያ ዜናውን መጻፍ፣ ማንበብ፣ ካሴቱን መላክ። ኢንተርኔት የሌለበት ዘመን መሆኑን አትርሱ። አውሮፕላን ማረፊያው ሲዘጋ የተቀረጸው ካሴት በመኪና ተራራ ተሻግሮ ወደ ደማስቆ፣ ወይም በመርከብ ወደ ቆጵሮስ መሄድ ነበረበት። እናንተ በሁለት ደቂቃ የምታዩት ዜና የብዙ ሰዎች ሙሉ ቀን ነው።

ሊባኖስ ከ1975 ጀምሮ እርስ በርሷ ስትዋጋ ቆይታለች። በኤፕሪል 18 ቀን 1983 የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ፈርሶ 63 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 23 ቀን ጠዋት ፈንጂ የጫነ ካሚዮን የአሜሪካ ወታደሮች ወደሚተኙበት ሕንፃ ገብቶ ፈነዳና 241 አሜሪካውያን አለቁ፤ በደቂቃዎች ልዩነት በሌላ ሕንፃ 58 የፈረንሳይ ወታደሮች ሞቱ። በጃንዋሪ 1984 የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማልኮልም ኬር በቢሯቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። በፌብሩዋሪ ምዕራብ ቤይሩት በታጣቂዎች እጅ ወደቀች፤ የአሜሪካ ወታደሮችም ወደ መርከቦቻቸው ተመለሱ። ጋዜጠኛ ግን ወታደር ሲወጣ ይቀራል። ጄሪም ቀረ። ሲስም አብራው ነበረች።

ሲስ ከደቡባዊቷ የአላባማ ግዛት የመጣች ክርስቲያን ናት። ጄሪ የተወለደው ከአይሁድ ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን በአይሁድ እምነትም በክርስትናም አያምንም ነበር። እግዚአብሔር የለም ከሚሉት ወገን ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት አንዱ የሚጸልይ፣ አንዱ የማይጸልይ። ይህን ኑሮ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ማርች 7 ቀን 1984፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 28 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ጠዋት ጄሪ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቢሮው በእግሩ ሲሄድ ታጣቂዎች ይዘውት ሄዱ። ቢሮ አልደረሰም። ወደ ቤትም አልተመለሰም።

የሚናገረው ያጣ ተናጋሪ

የወሰዱት ራሱን እስላማዊ ጂሃድ ብሎ የሚጠራ፣ በኋላ ሒዝቦላህ ከሚባለው ንቅናቄ ጋር ግንኙነት እንዳለው የታወቀ ቡድን ነው። በቃ ሸለቆ በበአልቤክ አካባቢ በሚገኝ ቤት ለብቻው አሰሩት። በሰንሰለት ነው የታሰረው። ጠባቂ በሩን ሲከፍት ዓይኑን በጨርቅ መሸፈን ነበረበት፤ ማንንም እንዲያይ አይፈቀድለትም። ጋዜጣ የለም፣ ራዲዮ የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ የሚያናግረው ሰው የለም።

እስቲ አስቡት። ሥራው መናገር የሆነ ሰው ነው። ዕድሜውን በሙሉ ሰው ሲያናግር፣ ሲጠይቅ፣ ሲያወራ የኖረ። አሁን ግድግዳ ብቻ። ጄሪ ራሱ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ቀናት ሲያልፉ አንድ ፍርሃት ያዘው፤ ከራሱ ጋር ማውራት ሊጀምር ነው። ያንን ከጀመርኩ አእምሮዬን ማጣቴ ነው ብሎ ፈራ። ታዲያ ከማን ጋር ይነጋገር? የቀረው እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የጋዜጠኝነት ሐቀኝነቱ አላስኬደው አለ። ይኖራል ብዬ ከማላምንበት ጋር ብነጋገር ያው ከራሴ ጋር መነጋገሬ አይደለምን? ስለዚህ ከመጸለዩ በፊት ያምን ወይም አያምን እንደሆነ መወሰን ነበረበት።

ቀናት ወሰደበት። ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ኢየሱስ የሚያውቀውን፣ የሰማውን ሁሉ ከአእምሮው እየፈለገ አሰላሰለ። ከታሰረ አንድ ወር ያህል ሲሆነው አመነ። ከዚያም ጸለየ።

ሁለት ሦስት ነገር እንድታስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ክፍል ሰባኪ አልነበረም። መዘምራን አልነበሩም፤ እጅ የሚጭን አገልጋይም ወደ ፊት ውጣ የሚል ጥሪም አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ አልነበረም። ከእኛ መካከል አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ ቅር ሊለን ይችላል፤ ያለ ሰባኪ እንዴት ይሰማሉ የሚለው የሮሜ 10፥14 ጥያቄ ወደ አእምሯችን ይመጣል። እኔም በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ክፍል ስንማር ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ብዙ ተከራክረናል። ነገር ግን ጄሪ ከቶ ያልሰማ ሰው አልነበረም። በቤቱ የምትጸልይ ሴት ነበረች። ሐዋርያው ጴጥሮስ ያለ ቃል በሚስቶቻቸው ኑሮ ስለሚማረኩ ባሎች የጻፈውን አስታውሱ (1ኛ ጴጥ. 3፥1-2)። የተዘራው ዘር መቼ እንደሚበቅል የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ የሲስ ዘር የበቀለው ሲስ በሌለችበት፣ እሷ ልታየው በማትችልበት ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት እሷ ባሏ በሕይወት ይኑር አይኑር አታውቅም ነበር።

ሌላው ነገር ይቅርታ ነው። ጄሪ ኢየሱስን ሲያሰላስል አልፎ ሊሄድ ያልቻለው ነገር የይቅርታ ትምህርት ሆነበት። ካመነ ይቅር ማለት አለበት። ማንን? በሰንሰለት ያሰሩትን። ያውም ይቅር በሉን ሳይሉት፣ ገና እንዳሰሩት። እኛ ስለ ይቅርታ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ ያለፈ ነገር ነው የምናነሣው፤ የበደለን ሰው ተጸጽቶ፣ ነገሩ ቀዝቅዞ፣ ሽማግሌ ገብቶ። ጄሪ ግን ይህን የተማረው በየቀኑ ምግብ የሚያመጣለት ሰው በሩን ሲከፍት ዓይኑን እየሸፈነ ነው። ስሜቱ በአንዴ ተለወጠ ማለት አይደለም። ከእስር የመውጣት ምኞቱም አልጠፋም፤ ይህን ኋላ ታዩታላችሁ።

በገና ሰሞን ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቁት መጽሐፍ ቅዱስ ለመነ። ትንሽ አዲስ ኪዳን አመጡለት። የሚያነበው ነገር ካጣ ዘጠኝ ወር አልፎት ነበር። ጠላፊዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ አዲስ ኪዳኑን ፈልገው ያመጡለት እነሱ ናቸው። ይህንን ልብ በሉልኝ።

ስንቅ የማይቀበል በር

አሁን ወደ ሲስ ልመልሳችሁ። በእኛ አገር የታሰረ ሰው ያለው ቤተሰብ ስንቅ ያመላልሳል። ብዙዎቻችሁ በደርግ ዘመን እናቶቻችሁ ሳህን በፌስታል ይዘው በእስር ቤት ደጃፍ ሲሰለፉ አይታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ተሰልፋችኋል። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ በሕይወት አለ ማለት ነው። መከራ ነው፤ ግን ምልክት አለው። ሲስ ይህም አልነበራትም። የምትሰለፍበት በር የለም። ወዴት እንደወሰዱት፣ ማን እንደወሰደው፣ ለምን እንደወሰደው የሚነግራት አልነበረም።

የአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣናት የነገሯት አንድ ነገር ነበር፤ ዝም በይ። እኛ በስውር እየሠራን ነው፤ ለጋዜጠኞች ብትናገሪ የባልሽን ሕይወት አደጋ ላይ ትጥያለሽ። ይህን ሲሰማ የማይደነግጥ ማን አለ? እሷም ዝም አለች። ለወራት። የሚገርመው ባሏ የዜና ሰው ነው፤ የእሱ ዜና ግን እንዳይነገር ተደረገ።

ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። መጠየቅና ማንበብ ጀመረች። ባለሥልጣናቱ የት ነው ያለው በሚለው ጥያቄ ላይ ቆመው ሳለ እሷ ለምን ወሰዱት ወደሚለው ተሻገረች። ነገሩ እንዲህ ነበር። በዲሴምበር 12 ቀን 1983 በኩዌት የአሜሪካና የፈረንሳይ ኤምባሲዎችን ጨምሮ በተለያዩ ሥፍራዎች ቦምቦች ፈንድተው ነበር። በዚህ ምክንያት 17 ሰዎች ታስረው ተፈረደባቸው፤ ሦስቱ ሞት። ጠላፊዎቹ የፈለጉት የእነዚህን እስረኞች መፈታት ነው። ጄሪ ለእነሱ የሚለወጥ ዕቃ ነበር ማለት ነው። የሌላ ሴት ልጅ፣ የሌላ ሴት ባል በሌላ አገር በመታሰሩ የእሷ ባል ታሰረ። ሲስ ይህን ስታውቅ የመጀመሪያ ሥራዋ የጠላፊዎቹን ወገኖች ኀዘን ማወቅ ሆነ። የሠሩትን አላጸደቀችም። ለማናገር ግን መጀመሪያ መስማት እንዳለባት ገባት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በቤተ ክርስቲያናችን መከራ የደረሰባትን ሴት ስናጽናና በጣም የምንወደው አንድ ጥቅስ አለ። እግዚአብሔር ስለ እናንተ ይዋጋል፣ እናንተም ዝም ትላላችሁ የሚለው የዘጸአት 14፥14 አሳብ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት በዚህ ዝም አሰኝተናል። በሐሰት ተከሶ የታሰረ ወንድም ያላትን እህት በዚህ መልሰናል። ጥቅሱ እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጥታችሁ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር 15 አንብቡት። እግዚአብሔር ሙሴን ለምን ወደ እኔ ትጮኻለህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሕዝቡም እንዲነሣና ወደ ፊት እንዲሄድ እንዲነግረው ያዘዋል። ከፊታቸው ደግሞ ባሕር ነበር። ቁጥር 14ን ይዞ 15ን የሚተው ስብከት ግማሽ ስብከት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ግማሽ የሚሰበከው ለሴቶች መሆኑ እኔን ያሳዝነኛል።

ሲስ ተነሥታ ሄደች። ላንድረም ቦሊንግ የሚባሉ ሽማግሌ አብረዋት ሆኑ። ቦሊንግ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩ ምሁር ሲሆኑ፣ ጦርነትን ከሚቃወመው ክዌከር ከሚባለው የክርስትና ወገን ናቸው። በመካከለኛው ምሥራቅ ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። በ1984 መጨረሻ ሁለቱ ወደ ደማስቆ ተጓዙ። ለምን ደማስቆ? ባሏ የጠፋው ሊባኖስ ቢሆንም በቃ ሸለቆ የነበረው የሶርያ ጦር ነው፤ ሶርያ ሳትሰማ በዚያ ብዙ ነገር አይደረግም። ሲስ ከሶርያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከፋሩክ አል ሻራ ጋር ተገናኘች። የጦር መርከብ የላት፣ የምትሰጠው ገንዘብ የላት፣ መንግሥቷ አልላካት። እንደ ሚስት ለመነች። በኋላም ዝምታውን ጥሳ በአደባባይ ተናገረች።

ይህን ያደረገችው እሷ ብቻ አይደለችም። ከጄሪ በኋላ በሜይ 8 ቀን 1984 በቤይሩት የተጠለፉት የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናዊ ቄስ ቤንጃሚን ዊር ናቸው። ከ1953 ጀምሮ በሊባኖስ ያገለገሉ ሰው ሲሆኑ የተወሰዱት ከባለቤታቸው ከካሮል ጋር በመንገድ ሲሄዱ፣ በዓይኗ ፊት ነው። ካሮል ዊርም ዝም በይ ተብላ ኋላ ዝም አላለችም። የእነዚህን ሁለት ሴቶች ድፍረት አንዳንድ ባለሥልጣናት አልወደዱላቸውም። ይሁን እንጂ በኖቬምበር 1986 ምን እንደታወቀ ታስታውሱ ይሆናል፤ ከጠላፊ ጋር አንደራደርም ይል የነበረው መንግሥት በ1985 እና በ1986 ለኢራን በስውር መሣሪያ ይሸጥ ነበር፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ታጋቾቹን ለማስፈታት ነበር። ሚስቶች ዝም እንዲሉ የተነገራቸው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው እንዴ?

የላላው ሰንሰለት

በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1985 ሌሊት ጄሪ ሰንሰለቱ ላላ ብሎ መታሰሩን አስተዋለ። አወለቀው። የተሰጡትን ብርድ ልብሶች እርስ በርስ አሰራቸውና በመስኮት አንጠልጥሎ በእነሱ ወረደ። ውጪው ጨለማና ብርድ ነው። ቁልቁለቱን ይዞ ሄደ፤ ድምፅ ሲሰማ መኪና ሥር ተደበቀ። ያገኙት ሰዎች መጀመሪያ እነማን እንደሆኑ አላወቀም። የሶርያ ወታደሮች ነበሩ። ወደ ደማስቆ ወስደው ለአሜሪካ አምባሳደር አስረከቡት። 343 ቀን ታስሮ ነበር።

ሰንሰለቱ ለምን ላላ? ጠባቂ ዘንግቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ? ያን ጊዜም ተጠይቋል። ሚስቱና ሽማግሌው ቦሊንግ ደማስቆ ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ መሆኑን ያስተዋሉ ሰዎች፣ ማምለጫው እንዲከፈትለት የፈቀደ ሰው አለ ይላሉ። ጄሪ ግን መስኮቱን የከፈተው ማንም ይሁን ማን፣ ሲወርድ እጁ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። የሐዋርያት ሥራ 12ን የምታነቡ ሰዎች ጴጥሮስ እንኳ በመልአክ ተመርቶ ሲወጣ ራእይ የሚያይ እንደመሰለው ታውቃላችሁ።

ባልና ሚስቱ የተገናኙት በምዕራብ ጀርመን ነው። ያን ሰዓት የሲስን ቦታ ይዛችሁ አስቡት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ በሕይወት ብቻ ይመለስልኝ እያለች የጸለየችለት ባሏ ከስቶ፣ ግን ድኖ መጣ። ከእሷም ጋር የሚጸልይ ሰው ሆኖ መጣ። ይህን አልጠበቀችም።

የቀሩት ሁሉ እንዲህ አልሆኑም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን ማጣፈጥ ይሆንብኛል። ጄሪ በዚያው ሕንፃ ሌሎች አሜሪካውያን ታጋቾችም እንደነበሩ እንደሚያምን ተናግሯል። ቄስ ቤንጃሚን ዊር በሴፕቴምበር 1985 ተፈቱ። ከጄሪ ዘጠኝ ቀን በኋላ በማርች 16 ቀን 1984 የተጠለፈው ዊልያም ባክሊ ግን በእስር ላይ ሳለ ሞተ። በማርች 1985 የተጠለፈው ሌላው ጋዜጠኛ ቴሪ አንደርሰን የወጣው በዲሴምበር 4 ቀን 1991 ነው፤ ስድስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ። ለእነሱም ቤተሰቦች ጸልየዋል። ለጄሪ የተጸለየው ጸሎት ከእነሱ የበለጠ ስለነበረ ነው የወጣው የሚል ሰው ካለ፣ የባክሊን ዘመዶች ፊት ለፊት ይህን ይበላቸው።

ከዜናው በኋላ

ጋዜጠኛ ራሱ ዜና ሲሆን ሰንበት ይልና ይረሳል። ጄሪና ሲስ ግን የተረሱበትን ጊዜ ተጠቀሙበት። ሲስ ያሳለፈችውን በመጽሐፍ ጻፈች፤ በ1989 ታተመ። በ1991 ደግሞ የሁለቱ ታሪክ የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። አብረው እየዞሩ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይናገሩ ነበር፤ ርእሳቸውም ይቅርታና ዕርቅ ነበር። ብዙ አድማጭ የሚጠብቀው በጠላፊዎቹ ላይ የተቆጣ ሰው ንግግር ነው። ጄሪ ግን ስለ ሊባኖሳውያን እናቶችና ስለ ሞቱ ልጆቻቸውም ያወራ ነበር። ያሳረፈበትን መከራ በበቀል ሊመልስ የሚችል ኃይል አገሩ ነበራት፤ እሱ አልጠየቃትም።

በሁለት የተለያየ ክፍል ውስጥ ዓመት የከረሙ ባልና ሚስት ሲገናኙ አንድ ዓይነት ሰዎች አይሆኑም። ይህን ከዓረብ አገር ሥራ የምትመለሱ እህቶችና እዚህ የምትጠብቁ ባሎች ታውቁታላችሁ። እሱ በሰንሰለት፣ እሷ በሚኒስትሮች ደጃፍ፤ እሱ ዝምታን ተማረ፣ እሷ መናገርን። ብዙ ትዳር የሚሰነጠቀው በመለያየቱ ጊዜ ሳይሆን በመገናኘቱ ማግሥት ነው። የሄደው ሰው የተወው ቤት እንዳለ ይጠብቀኛል ብሎ ያስባል፤ የቀረችው ደግሞ ቤቱን ለብቻዋ ስትሸከም ሌላ ሴት ሆናለች። ደፋር ሆና የጠበቀችህን ሚስት ወደ ቀድሞ ቦታዋ ልትመልሳት ስትሞክር ታጣታለህ፤ ወንድሞች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምናገረው። ጄሪ የሲስን ድምፅ አልቀነሰውም። አብሯት ቆሞ ተናገረ።

ዕድሜው ወደ ሰባ ሲጠጋ ሌላ ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ ክርስቲያን ፒስሜከር ቲምስ ይባል ከነበረ፣ ግጭት ባለበት ሥፍራ ያለ መሣሪያ ከሕዝብ ጋር ከሚኖር የክርስቲያኖች ማኅበር ጋር ወደ ኬብሮን ሄደ። አዎን፣ አብርሃምና ሣራ ወደተቀበሩባት ኬብሮን። እዚያ ወታደርና ሰፋሪ፣ ፍልስጤማዊና እስራኤላዊ በአንድ ጠባብ መንገድ ይጋፋሉ። የማኅበሩ አባላት የሚሠሩት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ልጆች በሰላም ትምህርት ቤት እንዲደርሱ መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ ያዩትን ይጽፋሉ። ሲስም በዚያው አካባቢ ሰላምን ለልጆች የማስተማር ሥራ ያዘች።

በፖለቲካው ከጄሪ ጋር የማይስማማ ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ እስራኤልን በሚመለከት። በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ስለ እስራኤል ያለው አቋም የተለያየ ነው፤ እኔም በጻፈው ሁሉ አልስማማም። ይሁን እንጂ ሰው ሊጠለፍ ወደሚችልበት ምድር፣ አንድ ጊዜ ተጠልፎ ያመለጠ ሰው፣ ያለ ደሞዝና ያለ ጠባቂ ተመልሶ ሲሄድ አቋሙን ብቻ ሳይሆን እግሩንም ማየት አለብን።

ከኬብሮን ያየውን እየጻፈ በኢሜል ለወዳጆቹ ይልክ ነበር። ካሜራ የለም፣ ካሴት ተሸክሞ ተራራ የሚሻገር መኪና የለም፣ የሚከፍለው ጣቢያ የለም። እነዚያ ጽሑፎች ተሰብስበው በ2005 መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። ጄሪ ሌቪን በፌብሩዋሪ 2020 በ87 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ስለ ቤይሩት ሲጠየቅ የሚናገረው ስለ ሰንሰለቱ ብቻ አልነበረም፤ ስለዚያች ከውጭ ሆና ስለምትናገርለት ሴትም ነበር።